የሠለጠኑበትን ነገር በሥራ ላይ ለማዋል የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት ወረዳዎች ሥልጠና ያልወሰደ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ዩኒቨርሲቲው፣ በመልኮ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ልዩ ልዩ ድርጅቶች ዓመቱን ሙሉ ያሠለጥናሉ። ቡና አምራቹ ስለ ጉንደላ (ያረጀውን ግንድ ከሥሩ ከፍ አድርጎ ቆርጦ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ስለ ማድረግ)፣ ነጋዴዋ ስለ ሒሳብ አያያዝ፣ ተመራቂው ስለ ሥራ ፈጠራ ተምረዋል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ የሥልጠናው ደብተር ከምስክር ወረቀቱ ጋር በአንድ ፌስታል ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ ይወጣና ማሳውም፣ ሱቁም፣ ቤቱም እንደ ቀድሞው ይቀጥላል።

ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት ስንፍና ነው። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ከኅዳር እስከ ጥር ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ቡና ሲለቅም፣ ሲያደርቅና ሲሸከም የሚከርም ሰው ሰነፍ ሊባል አይችልም። በእኔ አስተያየት ያወቅነውን የማናደርግበት ዋናው ምክንያት ሥልጠናው ጥቅሙን እንጂ ዋጋውን ስለማይነግረን፣ እኛም ዋጋውን ሳንተምን ስለምንነሣ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ካሉት ደረጃዎች ሦስተኛው ከሌሎቹ ረዘም ብሎ ቀርቧል፤ ጊዜ ያጠረው አንባቢ ሌላውን ቢያልፍ እንኳ እሱን እንዳይዘልለው አደራ እላለሁ።

ለምሳሌነት ሁለት ሰዎችን እናስከትላለን። አንደኛው በማና ወረዳ 400 እግር ያረጀ ቡና ያላቸው አርሶ አደር ናቸው እንበል። ሁለተኛዋ ሄርማታ መርካቶ አካባቢ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙናና ፓስታ የምትሸጥ ባለሱቅ ናት። ሁለቱም ሠልጥነዋል፤ ሁለቱም የተማሩትን አልጀመሩም።

አንደኛ ደረጃ፦ ከደብተሩ አንድ ሥራ ማውጣት

በሥልጠና ደብተር ውስጥ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ሥራ ሳይሆን አስተያየት ነው። «ቁጠባ ለቤተሰብ ዋስትና ነው»፣ «ያረጀ ቡና ምርቱ ይቀንሳል»፣ «ጊዜን በአግባቡ መጠቀም ያስፈልጋል» የሚሉት ሁሉ እውነት ናቸው፤ ነገር ግን ማንም ሰው ነገ ጠዋት ተነሥቶ ሊያደርጋቸው አይችልም። ስለዚህ ደብተሩን ከፍተው እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ሲያነቡ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ይህን ሳደርግ ጎረቤቴ በአጥር በኩል ቢያየኝ ምን እየሠራሁ እንደሆነ መናገር ይችላል? የማይችል ከሆነ ዐረፍተ ነገሩን ወደሚታይ ድርጊት ይለውጡት። «ቁጠባ ጥሩ ነው» የሚለው «ቅዳሜ ማታ ሱቅ ስዘጋ 200 ብር ለይቼ አስቀምጣለሁ» ይሆናል። ወደ ድርጊት ሊለወጥ ያልቻለውን በእርሳስ ይሰርዙት፤ ከአንድ ሙሉ ደብተር ውስጥ ሰባት ስምንት መስመር ቢቀርዎት በቂ ነው።

ከእነዚህም አንዱን ብቻ ይምረጡ። ሲመርጡ ጠቃሚነቱን ብቻ ሳይሆን ለሌሎቹ መንገድ መክፈቱን ይመልከቱ። ባለሱቋ የዋጋ ትመና፣ የዕቃ ቆጠራ፣ የደንበኛ አያያዝና የሒሳብ መዝገብ ተምራለች፤ ነገር ግን መዝገብ ሳይኖር ትርፏን ልታውቅ አትችልም፣ ትርፏን ሳታውቅም ዋጋ ልትተምን አትችልም። የእሷ መጀመሪያ መዝገብ ነው። ሁሉንም በአንድ ሳምንት ልጀምር የሚል ሰው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው በእሱ ላይ መድረሱ አይቀርም።

ትምህርቱን በእንግሊዝኛ የወሰዱ ከሆነ፣ የመረጡትን ሥራ ሥራው በሚከናወንበት ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞም ይሁን በአማርኛ፣ እንደገና ይጻፉት። የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች ይህን ሲዘልሉ አያለሁ፤ በክፍል ውስጥ በደንብ የተረዱትን ነገር ለአንድ አናጢ ወይም ለአንዲት ነርስ ማስረዳት ሲያቅታቸው ጉዳዩ የቋንቋ ችግር ይመስላቸዋል። ብዙ ጊዜ ግን ያልገባቸው ነገር እንዳለ የሚገለጠው ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛ ደረጃ፦ በእርግጥ ማወቅዎን መፈተሽ

ሮዘንብሊትና ኬል የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች እንደ ዚፕና የበር ቁልፍ ያሉ የዕለት ተዕለት ዕቃዎች እንዴት እንደሚሠሩ ምን ያህል እንደሚያውቁ ራሳቸውን እንዲመዝኑ ጠየቁ፤ ቀጥሎም አሠራሩን ደረጃ በደረጃ እንዲያብራሩ አደረጉ። ማብራሪያውን ከጻፉ በኋላ ተሳታፊዎቹ ለራሳቸው የሰጡት ነጥብ ዝቅ አለ። የሠለጠነ ሰውም እንዲሁ ነው፤ አሠልጣኙ ሲያስረዳ መግባቱን እንጂ ብቻውን ማሳው ላይ ሲቆም እጁ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም።

መፈተሻው ቀላል ነው። ደብተሩን ይዝጉ፣ ባዶ ወረቀት ይያዙና የመረጡትን ሥራ ከመጀመሪያው እንቅስቃሴ እስከ መጨረሻው ይጻፉ። አርሶ አደሩ ስለ ጉንደላ ሲጽፉ የሚከተሉት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው። ግንዱ ከመሬት በምን ያህል ከፍታ ይቆረጣል? ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል። ቁራጩ ለምን ሰያፍ ይሆናል? የዝናብ ውኃ በላዩ ተኝቶ ጉቶውን እንዳያበሰብሰው። መቼ? ለቀማው ካለቀ በኋላ፣ ዝናቡ ሳይጠነክር። በምን? ግንዱን በማይሰነጥቅ ስል መጋዝ። ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲታለፍ መጋዙ ምን ይደረጋል? በእሳት ወይም በአልኮል ይጸዳል፤ ቡናን አድርቆ የሚገድለው በሽታ በቁስል በኩል ከዛፍ ወደ ዛፍ ይተላለፋልና። ጉቶው ካቆጠቆጠ በኋላ ስንት ቀንበጥ ይቀራል? ሁለት ወይም ሦስት ጠንካሮች፤ ሌላው ይነቀላል። ከእነዚህ ስድስት ጥያቄዎች ሁለቱን መመለስ ካልቻሉ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ሥራውን ያልጀመሩት ስለፈሩ ነበር፤ ፍርሃቱም ምክንያት ነበረው።

ወረቀቱ ላይ ክፍተት ሲያገኙ ብቻ ወደ ደብተሩ ይመለሱ። ይህ አካሄድ ደጋግሞ ከማንበብ ይሻላል። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ ጽሑፉን ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ በተሰጠው ፈተና በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ በተሰጠው ግን ደብተራቸውን ዘግተው ያስታወሱትን የጻፉት በልጠው ተገኙ። ለሥራ የሚጠቅመው የሳምንቱ ውጤት ነው። ስለዚህ ይህን ፈተና በሥልጠናው ማግስት አንድ ጊዜ፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ሌላ ጊዜ ያድርጉት።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ዋጋውን መተመን

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ማንኛውም አዲስ ሥራ ከአራት ኪሶች በአንዱ ወይም በሌላው ይከፈልበታል፤ ከገንዘብ፣ ከጊዜ፣ ከጉልበት ወይም ከይሉኝታ። አሠልጣኞች ስለ መጀመሪያው አንዳንዴ ይናገራሉ፤ ስለ መጨረሻው ግን ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

ከአርሶ አደሩ እንጀምር። ጉንደላ ያረጀውን ቡና እንደሚያድስ ያውቃሉ፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም በየዓመቱ ይነግራቸዋል። የተጎነደለ ቡና ግን ሁለት ለቀማ ያህል ምርት አይሰጥም፤ ወደ ምርት የሚመለሰው በሦስተኛው ነው። 400ውን እግር በአንድ ጊዜ ቢቆርጡ ሁለት ዓመት ለልጆች የትምህርት ቤት ወጪና ለዘይት የሚሆን የቡና ገንዘብ የለም ማለት ነው። እንግዲህ «ለምን አይጎነድሉም?» ተብለው ሲጠየቁ ዝም የሚሉት ሰው ሒሳቡን ከጠያቂያቸው አብልጠው ያውቁታል።

መፍትሔው ዋጋውን መካድ ሳይሆን መከፋፈል ነው። ማሳውን በአራት ይክፈሉትና በየዓመቱ ከለቀማ በኋላ 100 እግር ብቻ ይጎንደሉ። በመጀመሪያው ዓመት 300 እግር ምርት ይሰጣል። በሁለተኛው 200 ይቀራል። በሦስተኛው ዓመት፣ መጀመሪያ የተጎነደሉት 100 እግሮች ስለሚመለሱ፣ ከመጨረሻዎቹ ገና ካልተነኩት 100 ጋር አሁንም 200 ይሆናል፤ አራተኛውም እንዲሁ 200 ነው። በአምስተኛው 300፣ በስድስተኛው 400ው ሁሉ ታድሶ ይገኛል። ሦስት ዓመት የግማሽ ማሳ ምርት መኖሩን አስቀድሞ ማወቅ ደስ አያሰኝም፤ ነገር ግን ባዶ የሚሆን ዓመት የለም፣ በተጎነደለው ቡና መካከል በሚገባው ብርሃንም ቦሎቄ መዝራት ይቻላል። ይህን ሰንጠረዥ በወረቀት ላይ ከባለቤታቸው ጋር ሆነው የጻፉ አርሶ አደር መጋዝ ለማንሣት የሚያስፈልጋቸው ሌላ ማበረታቻ አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹን 100 እግሮች መርጦ በቀለም ምልክት ማድረግ ብቻ ነው።

የባለሱቋ ዋጋ ሌላ ዓይነት ነው። ደብተርና እስክሪብቶ ሱቋ ውስጥ አለ፤ መመዝገብም የሚወስደው ጥቂት ሴኮንድ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባንኮኒዋ አጠገብ ቆሞ ያየ ሰው ግን ችግሩን ይረዳል። ጎረቤቷ ትመጣና «ግማሽ ኪሎ ስኳር ስጪኝማ፣ ሐሙስ ኢንሻአላህ አመጣልሻለሁ» ትላታለች። ደብተሩ በካልኩሌተሩ ሥር ተቀምጧል። ባለሱቋ ስኳሩን ትመዝናለች፣ ትቋጥራለች፣ ታቀብላለች፣ ስለ ልጆቹ ጤንነት ትጠይቃለች፤ እጇ ግን ወደ ደብተሩ አይሄድም። በጎረቤት ፊት መጻፍ «አላምንሽም» ማለት ይመስላታል። ማታ ደግሞ የእናቷ ልጅ ሁለት ሳሙና ይወስዳል፤ እሱም አይጻፍም። በወሩ መጨረሻ ሱቁ ለምን እንደማይተርፈው ሊታወቅ አይችልም።

እንዲህ ያለውን ዋጋ በፉከራ መሻገር አይቻልም። ይሉኝታ የማኅበራዊ ኑሯችን ምሰሶ ስለሆነ ጣሉት ብዬ አልመክርም፤ ሥራውን ይሉኝታን በማይነካ መልክ ማደራጀት ግን ይቻላል። ባለሱቋ ደብተሩን ከካልኩሌተሩ ሥር አውጥታ ባንኮኒው ላይ ሁልጊዜ ተከፍቶ እንዲቀመጥ ብታደርግ፣ በጥሬ ገንዘብ የገዛውንም፣ በዱቤ የወሰደውንም፣ ለራሷ ቤት ያነሣችውንም ያለ ልዩነት በተገኘው ሁሉ ፊት ብትጽፍ፣ መጻፉ የሱቁ ሥርዓት ይሆናል እንጂ ጎረቤቷን የሚመለከት ነገር አይሆንም። አምዶቹ አራት ይበቃሉ፤ ዕቃ፣ ብር፣ የተከፈለ፣ ቀሪ። ለቤት የተወሰደውን «ቤት» ብላ ራሷን እንደ አንድ ባለዕዳ ትመዘግባለች። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሁለት ሰው ፊቱን ሊያጠቁር ይችላል፤ ዋጋው ያ ነው፣ አስቀድሞ ይታወቅ።

እርስዎም ለመረጡት ሥራ አራቱን ኪሶች በየተራ ይፈትሹ። በተለይ ጊዜን በሚመለከት «በቀን አንድ ሰዓት አጠናለሁ» ከማለት በፊት ያ ሰዓት ከምን ላይ እንደሚቀነስ ይጻፉ፤ ከእንቅልፍ፣ ከጫት ቤት፣ ከስልክ ወይስ ከቤተሰብ? ስሙ ካልተጠራ ከየትም አይመጣም። ዋጋው ከአቅም በላይ ሆኖ ካገኙት ሥራውን ይከፋፍሉት ወይም ከዝርዝርዎ ሌላውን ይምረጡ። ይህም ውሳኔ ነው፤ በማያደርጉት ነገር ዓመት ሙሉ ራስን ከመውቀስ ይሻላል።

አራተኛ ደረጃ፦ ሥራውን ከሚታወቅ ሁኔታ ጋር ማሰር

ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» በሚል መልክ የተቀመጠ ዕቅድ ከደፈናው ሐሳብ ይልቅ የመፈጸም ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑን በተከታታይ ጥናቶች አሳይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ሺራን ከተባለ ሌላ ተመራማሪ ጋር 94 ያህል ሙከራዎችን አሰባስቦ ሲመረምርም ይኸው ውጤት ጸንቶ ተገኝቷል። ምክንያቱም ሁኔታው ራሱ ስለሚያስታውስ፣ ሰው በዚያች ቅጽበት «አሁን ላድርገው ወይስ በኋላ?» እያለ ከራሱ ጋር መሟገት አያስፈልገውም።

በእኛ ኑሮ ከሰዓት ይልቅ ክንውን ጠንካራ ማሰሪያ ነው። «በ1 ሰዓት እጽፋለሁ» የሚለው ዕቅድ መብራት በጠፋበት ወይም እንግዳ በመጣበት ማታ ይሰናከላል። «ከመግሪብ ሶላት በኋላ»፣ «ከቅዳሴ መልስ»፣ «የሱቁን በር ከመቆለፌ በፊት»፣ «ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ» የሚሉት ግን መብራት ኖረ አልኖረ ይከሰታሉ። ከእነዚህ አንዱን መርጠው ዐረፍተ ነገሩን ሙሉ አድርገው ይጻፉ፤ «የሱቁን በር ከመቆለፌ በፊት የዛሬውን ደብተር ደምሬ፣ በሣጥኑ ካለው ብር ጋር አመሳክራለሁ» እንደማለት። የጅማ ዝናብም በዕቅዱ ውስጥ ቦታ ይሰጠው፤ ከቤት ውጭ ለሚሠራ ነገር «ዝናብ ከሆነ ደግሞ ይህን አደርጋለሁ» የሚል ሁለተኛ መስመር ካልተጨመረ ክረምቱ ሙሉውን ዕቅድ ይበላዋል።

አምስተኛ ደረጃ፦ ቶሎ መጀመር፣ በትንሹ

የመጀመሪያው ድርጊት ከተወሰነ በሦስት ቀን ውስጥ ይደረግ። ለአርሶ አደሩ መጋዙን መሳልና ምልክት ማድረግ፣ ለባለሱቋ ደብተሩን በአራት አምድ ማስመር፣ ኮምፒውተር ለተማረ ወጣት የቤቱን የወር ወጪ በአንድ ሰንጠረዥ ማስገባት ይበቃል። መሣሪያው እጅ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ፤ ለመጀመር ሣጥን መክፈት ወይም ከጎረቤት መዋስ የሚጠይቅ ሥራ ሳይጀመር ይቀራል።

እውቀቱ እስኪሟላ መጠበቅ ራሱን የቻለ ማምለጫ ነው። የቡና ፍሬን የሚያጠቃው በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 በአገራችን በታየ ጊዜ ተመራማሪዎች በማዳቀል አዲስ ዝርያ እስኪወጣ አልጠበቁም፤ በሽታው በተስፋፋበት ማሳ ውስጥ ሳይነኩ የቆሙትን እናት ዛፎች ፈልገው መረጡ። ዛሬ በጅማ ዞን ብዙ ችግኝ ጣቢያዎች የሚገኙት 74110 እና 74112 የመሳሰሉት ዝርያዎች ስማቸው በ74 የሚጀምረው ምርጫው እ.ኤ.አ. በ1974 ስለተደረገ ነው። ማዳቀሉ ከዚያ በኋላ ቀጠለ።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ምስክር ማቆም

ብቻዋን 100 ብር ማጠራቀም የማትችል ሴት በዕቁብ ስትገባ አንድም ዕጣ ሳታጓድል ዓመቱን ትጨርሳለች። ሴቲቱ ያው ናት፣ ገቢዋም ያው ነው፤ የተለወጠው ቀኑ መቆረጡ፣ መጠኑ መታወቁ፣ ዳኛና ጸሐፊ መኖራቸው፣ እሷ ብትቀር ደግሞ ሌላ ሰው የሚጎዳ መሆኑ ነው። ይህን ሥርዓት ለእውቀትም መጠቀም ይቻላል። አብረዋችሁ ከሠለጠኑት መካከል ሦስት ወይም አራት ሰው መርጣችሁ በየሁለት ሳምንቱ፣ በታወቀ ቀን፣ በየተራ በአንዳችሁ ቤት ቡና ላይ ተገናኙ። አንድ ሰው ጸሐፊ ይሁን። እያንዳንዱ ሰው ሦስት ነገር ብቻ ይናገር፤ ምን እንዳደረገ፣ ምን እንደያዘው፣ እስከሚቀጥለው ጊዜ ምን እንደሚያደርግ። ጸሐፊው የመጨረሻውን ይመዘግብና በሚቀጥለው ጊዜ መጀመሪያ ያንን ያነብባል። ምክር የሚሰጠው ሲጠየቅ ብቻ ነው፤ አለዚያ ስብሰባው በአንድ ተናጋሪ ይያዝና ሌላ ሥልጠና ይሆናል።

የሚቻል ከሆነ ሥራው በተሠራበት ቦታ ተገናኙ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር ቤተሰቦች 96 ሰዓት ያህል ይሠለጥኑ ነበር፤ ይሁን እንጂ «ሞዴል ቤተሰብ» ተብለው የሚመረቁት በሥልጠናው ላይ ስለተገኙ ሳይሆን የተማሩትን በቤታቸው ሲተገብሩ ነበር። የመጸዳጃው ጉድጓድ ተቆፍሯል ወይስ አልተቆፈረም የሚለውን መጥቶ የሚያይ ዓይን ነበረ።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ሲቋረጥ ምክንያቱን መለየት

መቋረጡ አይቀርም፤ ለቅሶ ይመጣል፣ ሠርግ ይመጣል፣ የለቀማ ወቅት ሁሉን ያስረሳል። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በለንደን ባደረጉት ጥናት አዲስ ልማድ እንደ ራስ ነገር እስኪሆን የወሰደው ጊዜ በአማካይ 66 ቀን ያህል ሲሆን፣ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል፤ አንድ ቀን መዝለልም ሂደቱን አላበላሸውም። በየቦታው የሚነገረውን «21 ቀን» ይዞ በ22ኛው ቀን ተስፋ የሚቆርጥ ሰው ያለ ጥፋቱ ነው ራሱን የሚወቅሰው።

ሥራው ከተቋረጠ ግን ምክንያቱን ከአራቱ በአንዱ ይመድቡት። ረስተውት ከሆነ ማሰሪያው ደካማ ነበርና ወደ አራተኛው ደረጃ ይመለሱ። እንዴት እንደሚሠራ ግራ ገብቶዎት ከሆነ ወደ ሁለተኛው። ከብዶዎት ከሆነ ዋጋው በትክክል አልተተመነምና ወደ ሦስተኛው። ደጋግመው ሠርተውት ጥቅሙን ካላዩ ደግሞ ይተዉት፤ በአንድ አገር ወይም በአንድ ሰው ቤት የሠራ ምክር ሁሉ ለእርስዎ ቤት ይሆናል ያለ የለም። ቀኑንና ምክንያቱን በዚያው ደብተር ላይ በአንድ መስመር ይጻፉና ከዝርዝሩ ቀጣዩን ሥራ ያውጡ።

ሌላ የሥልጠና ጥሪ ሲመጣ በዚህ መካከል መሄድ አለመሄድዎን ማሰብ ይኖርብዎታል። አበል ያለው ከሆነ እንደማይቀሩ አውቃለሁ፤ እኔም አልፈርድም። ከሄዱ ግን አዳራሹን ለቀው ከመውጣትዎ በፊት ለአሠልጣኙ ሦስት ጥያቄ ያቅርቡ፦ ከነገሩን ሁሉ መጀመሪያ የሚሠራው የትኛው ነው? የጀመረ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ምን ያጣል? በዚህ ወረዳ ሠርቶት ሄጄ ላየው የምችል ሰው ማን ነው? የመጨረሻውን መልስ ከነቀበሌው ይጻፉና በሚቀጥለው የገበያ ቀን መልስ በዚያው በኩል ይለፉ።